ከሰሉ ያለቀ ዕለት ባቡሩ ወዴት ይሄዳል?



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ላይ የደረሰብንን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። ስድስተኛ ክፍል ገብተን ስለ ማዕድንና ስለ መጓጓዣ እናስተምር ነበር። ካርታውን ሰቅለን፣ ሐዲዱን በቀይ ጠመኔ አስምረን፣ «የድንጋይ ከሰል በተገኘበት ሐዲድ ይዘረጋል፤ ሐዲድ በተዘረጋበት ከተማ ይቆረቆራል» ብለን ደመደምን። ትምህርቱ የተዋጣልን መስሎን ደረታችንን ነፍተን ሳለ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ከሰሉ ያለቀ ዕለት ባቡሩ ወዴት ይሄዳል? ሰዎቹስ?» አለችን። ያልተዘጋጀንበት ነገር ነውና «ባቡሩማ ሌላ ቦታ ይሄዳል» ብለን አለፍነው። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ እጇን አውርዳ ዝም ብላ ተቀመጠች። ደወሉ ባይደርስልን ኖሮ የት እንገባ ነበር?

ያ ጥያቄ እስከ ማደሪያችን ድረስ ተከትሎን መጣ። ብዙ ተወያየንበት። በመጨረሻም መልሱን በጥቅሉ ከመፈለግ በአንድ ቦታ ላይ ብንፈልገው ይሻላል ተባባልን። የመረጥነው ቦታ በደቡብ ኮሪያ የሚገኘውን የጆንግሶንን አውራጃ ነው። ምክንያቱም በዚህ አውራጃ የከሰሉ መውጣት፣ የሐዲዱ መዘርጋት፣ የጉድጓዶቹ መዘጋትና ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተጠቃሎ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ሀ. ቦታውና አቀማመጡ

ጆንግሶን የሚገኘው በኮሪያ ባሕረ ገብ ምድር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋንግዎን ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። ጋንግዎን የሚለው ስም ለአገራችን ሰው ጨርሶ ባዕድ አይደለም። በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከተዋጋባቸው ተራሮች መካከል በዚሁ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ክፍል ያሉት ይገኙበታል። በዋና ከተማው በቹንቾንም ለዘማቾቹ በ1968 የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ጆንግሶን ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ርቆ፣ በተራሮች መሐል ገብቶ የተቀመጠ ነው።

የአውራጃው ስፋት 1,220 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምሥራቁ የባሕር ጠረፍ ጎን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርደው የቴቤክ ሰንሰለታማ ተራራ የኮሪያ የጀርባ አጥንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጆንግሶን በዚህ ጀርባ ላይ ያረፈ አገር ነው። ከተራሮቹ መካከል ጋሪዋንግሳን 1,561 ሜትር፣ ከቴቤክ ከተማ ጋር የሚዋሰንበት ሃምቤክሳን ደግሞ 1,573 ሜትር ከፍታ አላቸው። ይህ ቁጥር ለእኛ አገር ደገኛ ብዙ ላይመስለው ይችላል። ዳሩ ግን ኮሪያ ከምድር ወገብ በጣም የራቀች አገር ስለሆነች በዚያ ከፍታ ላይ ክረምቱ ብርቱ ነው፤ በረዶ ይወርዳል፣ መንገድ ይዘጋል። በዚያ ላይ ተራሮቹ ተጠጋግተው የቆሙ ገደላማዎች ናቸው። የአገሩ ሰዎች ሲቀልዱ፣ ከፊት ለፊቱ ተራራ እስከ ኋለኛው ተራራ ገመድ ወጥሮ ልብስ ማስጣት ይቻላል ይላሉ። ሰማዩ ጠባብ፣ ሜዳው ጥቂት ነው ለማለት ነው።

ሜዳ ከሌለ የሩዝ ማሳ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የጆንግሶን ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በተዳፋት ላይ ድንች፣ በቆሎና ባቄላ እንዲሁም የኮሪያ ሰዎች ዱቄቱን ለጥቁር ሽሮ መሳይ መኰረኒ የሚጠቀሙበትን ጥቁር ስንዴ የመሰለ እህል ሲያመርት ኖሯል። ሩዝ ዋና ምግብ በሆነበት አገር ሩዝ የማይበቅልበት ቦታ ድሀ ተብሎ መቆጠሩ አይቀርም።

ወንዞቹም እንደ ተራሮቹ ናቸው፤ ቀጥ ብለው አይሄዱም። ከሁለት አቅጣጫ የሚመጡት ሶንግቾንና ጎልጂቾን የሚባሉት ወንዞች አውራጂ በተባለ ሥፍራ ይገናኛሉ። አውራጂ የሚለው ስም «አውራጃ» ከሚለው ከእኛው ቃል ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም፤ የኮሪያው ቃል መዋሐድን፣ መቀላቀልን የሚያመለክት ነው። ከዚያ ወንዙ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርድና ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ የሃን ወንዝ ይሆናል፤ በዋና ከተማው በሴኡል መሐል አልፎ ወደ ቢጫው ባሕር ይገባል። እንግዲህ ልብ እንበል፦ የጆንግሶን ውኃ ሴኡል ይደርሳል። ይህ ነገር ወደ መጓጓዣው ያመጣናል።

ለ. ከሐዲዱ በፊት

መኪናና ባቡር ባልነበረበት ዘመን ከጆንግሶን ወደ ዋናው ከተማ የሚወስደው ሰፊ ጎዳና ወንዙ ነበር። ከተራራው ላይ ረዣዥም ዛፍ እየተቆረጠ፣ ግንዱ ከግንድ ጋር እየታሰረ ታንኳ መሰል መደዳ ይሠራል። ወንዙ ሲሞላ መደዳው ውኃ ላይ ይለቀቃል፤ ሰዎች ላዩ ላይ ቆመው በመቅዘፊያ እየመሩ እስከ ሴኡል ያወርዱታል። በ1860ዎቹ በሴኡል የሚገኘው የግዮንግቦክ ቤተ መንግሥት እንደገና ሲሠራ ብዙ እንጨት በዚህ መንገድ ወርዷል። ሥራው አደገኛ ነበር፤ በጠመዝማዛው ላይ ከዓለት ጋር የተጋጨ መደዳ ይበተናል፣ ሰው ይሰጥማል። ክፍያው ግን ዳጎስ ያለ ነበርና፣ ዛሬ በኮሪያ ቋንቋ «ብዙ ገንዘብ» ለማለት የሚነገረው ቃል ከእነዚህ እንጨት ነጂዎች የመጣ ነው ብለው የአገሩ ሰዎች ያወጋሉ።

ይህ መንገድ አንድ ጉድለት ነበረው፤ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሠራም። እንጨቱ ሴኡል ሲደርስ ይሸጣል፤ ሰውየው በእግሩ ተራራ እየወጣ ይመለሳል። እንዲያውም «ጆንግሶን አሪራንግ» የተባለው ዝነኛው የአገሩ ዘፈን የሚያያዘው ከአውራጂ ጋር ነው። በወንዙ ወዲህና ወዲያ ማዶ የሚኖሩ ሁለት ፍቅረኛሞች ወንዙ በመሙላቱ መሻገር አቅቷቸው ቀሩ ይባላል። እኛ ይህን ስንሰማ የፍቅር ታሪክ ብቻ ሆኖ አልታየንም። ድልድይ የሌለበት አገር ታሪክም ነው።

ሐ. የድንጋይ ከሰሉ

በጆንግሶን ተራሮች ሆድ ውስጥ ያለው የድንጋይ ከሰል አንትራሳይት የሚባለው ዓይነት ነው። ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት በረግረግ ውስጥ የወደቀ ዕፅዋት በደለል ተቀብሮ፣ በመሬት ክብደትና ሙቀት ታምቆ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። አንትራሳይት ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ከተቀጣጠለ ግን ጭሱ ትንሽ ሆኖ ለረጅም ሰዓት ይነድዳል።

ለምን አስፈለገ? ኮሪያ በ1945 ከጃፓን አገዛዝ ወጥታ ለሁለት ስትከፈል፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉና የማዕድኑ ብዙው እጅ በሰሜን ቀረ። ከ1950 እስከ 1953 የተደረገው ጦርነት ደግሞ አገሩን አወደመው። የደቡቡ ሕዝብ የሚሞቀውም፣ የሚያበስለውም በእንጨት ስለነበር ተራሮቹ ተራቁተው ነበር። ታዲያ ደኑ እንዲያገግም ለቤት ሌላ ማገዶ ማግኘት ግድ ሆነ። ያ ማገዶ ዮንታን ነው።

ዮንታን ማለት የከሰል ዱቄት ተጨቅጭቆ፣ በድቡልቡል ቅርጽ ተጠፍጥፎ፣ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ የተበጀለት ማገዶ ነው። አንዱ 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ቀዳዳው አየር እንዲያልፍና እሳቱ እኩል እንዲነድድ ይረዳል። ሙቀቱ ኦንዶል በሚባለው ዘዴ በቤቱ ወለል ሥር አልፎ ቤቱን ያሞቃል፤ በላዩም ወጥ ይሠራበታል። አመዱ እንኳ አይጣልም ነበር፤ በረዶ የጠጠረበት መንገድ ላይ ተበትኖ እግረኛ እንዳያንሸራትት ያደርጋል። ጉዳቱም ቀላል አልነበረም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ጋዝ በወለሉ ስንጥቅ እየገባ ብዙ ቤተሰብ በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ጨርሷል።

እንግዲህ በሴኡል አንዲት እናት ማታ የምትለኩሰው ማገዶ የሚመጣው ከጆንግሶንና ከጎረቤቶቹ ተራሮች ነው። ጥያቄው እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው። እንጨት በውኃ ይንሳፈፋል፤ ከሰል ግን ይሰጥማል።

መ. ሐዲዱ ተራራውን እንዴት ወጣ?

እዚህ ላይ ለመምህር የሚጠቅም አንድ ነገር እንጥቀስ። የባቡር መንኰራኵር ብረት ነው፤ ሐዲዱም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ በቀላሉ ይንከባለላል፤ ስለዚህ ባቡር ከመኪና እጅግ የበለጠ ጭነት ይጐትታል። ዳሩ ግን ብረት በብረት ላይ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ባቡር ዳገት አይወድም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ አንድ ጫፉን በ3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገን ለተማሪዎች ብናሳይ፣ «ይህቺማ ዳገት ናት እንዴ?» ብለው ይስቃሉ። ለከባድ ባቡር ግን ይህ ብርቱ ዳገት ነው፤ በጆንግሶን የሚያልፈው ሐዲድ የሚ ከሚባለው ጣቢያ አለፍ ብሎ የሚወጣው ዳገት ይህን ያህል ገደማ ነው።

መሐንዲሶቹ ታዲያ ምን አደረጉ? በሸለቆው ተጠማዘዙ፣ ድልድይ ሠሩ፣ ያላለፉትን ተራራ በሱት። ከጆንግሶን ምሥራቅ ባለው ጎረቤት መስመር ባቡሩ ተራራውን ለመውረድ ወደፊት ሄዶ ይቆምና፣ ወደ ኋላ እየነዳ ሌላ ሐዲድ ይይዝ ነበር። ይህ ዚግዛግ እስከ 2012 ቆይቶ፣ በተራራ ውስጥ ክብ እየዞረ የሚወርድ 16.2 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የሶላን ዋሻ ተተካ።

የጆንግሶን ሐዲድ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

በ1957 ከምዕራብ በዮንግዎል በኩል የመጣው ሐዲድ የከሰል ጉድጓድ ወዳለበት ወደ ሃምቤክ ደረሰ።
በ1966 ሐዲዱ የከሰል ከተማ ወደሆነችው ወደ ጎሃን ደረሰ።
በ1967 ዛሬ ሚንዱንግሳን ከሚባለው ጣቢያ ወደ ሰሜን የተገነጠለ ቅርንጫፍ የአውራጃው ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ጆንግሶን ገባ።
በ1973 ጎሃንን ከምሥራቁ ጎረቤት ከቴቤክ ጋር የሚያገናኘው የጆንግአም ዋሻ ተከፈተ፤ ርዝመቱ 4,505 ሜትር ነው። ከዋሻው ማዶ ያለው የቹጆን ጣቢያ ከባሕር ጠለል በላይ 855 ሜትር ላይ በመሆኑ በደቡብ ኮሪያ ከሁሉ ከፍ ያለ የባቡር ጣቢያ ነው።
በ1974 የሰሜኑ ቅርንጫፍ በአውራጂ በኩል አልፎ ጉጆልሪ ወደተባለ የከሰል መንደር ደርሶ እዚያው አበቃ።

አንባቢ ሆይ፣ ዝርዝሩን ደግመህ ተመልከተው። የከሰል ጉድጓዱ ሃምቤክ ከአውራጃው ዋና ከተማ 10 ዓመት ቀድሞ ባቡር አገኘ። ቅርንጫፉም ያቆመው ሕዝብ በበዛበት ሳይሆን ከሰል ባለበት ጫፍ ላይ ነው። ሐዲዱ የተከተለው ሰውን አይደለም፤ ከሰልን ነው። ሰውም ኋላ ሐዲዱን ተከትሎ መጣ።

ከሰል ምን ያህል ተፈላጊ እንደ ነበር ሌላ ማስረጃ እንጨምር። በደቡብ ኮሪያ ለረጅም ርቀት ባቡር ቀድመው ኤሌክትሪክ የገባላቸው እነዚህ የተራራ መስመሮች ናቸው፤ ሥራው የተከናወነው ከ1973 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ነበር። ሁለቱን ታላላቅ ከተሞች ሴኡልንና ፑሳንን የሚያገናኘው ነባሩ ሐዲድ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ያገኘው ግን በ2006 ነው።

ሐዲድ ያልደረሰበት ከሰል ደግሞ በጭነት መኪና ይወርድ ነበር። ለዚሁ ሲባል ከተራራው ትከሻ ላይ የተጠረገ ጥርጊያ መንገድ አለ። በጎሃን፣ በቴቤክና በዮንግዎል መካከል ያለው የማንሃንግጄ በር 1,330 ሜትር ከፍታ አለው፤ በኮሪያ በአስፋልት መኪና ከሚያልፍባቸው የተራራ በሮች ከፍተኛው ይኸው ነው።

ሠ. ጥቁሮቹ ከተሞች

ከሰሉ ሥራ ነው፤ ሥራ ባለበት ሰው አለ። ከመላው ደቡብ ኮሪያ መሬት የሌለው፣ ዕዳ ያለበት፣ ከተማ ያልቀናው ሁሉ ወደ ሳቡክና ወደ ጎሃን መጣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአውራጃው ሕዝብ ወደ 140,000 ደርሶ ነበር። በተራራው ወገብ ላይ የሠራተኛ ቤቶች እንደ ደረጃ ተደረደሩ። በአገሪቱ ካሉት የግል ከሰል ማውጫዎች ትልቁ የሳቡኩ ነበር።

ማዕድን ቆፋሪዎቹ ቀንና ሌሊቱን በሦስት ፈረቃ ተከፋፍለው ይሠሩ ነበር። የዋሻው መጨረሻ፣ ከሰሉ የሚፈነቀልበት ቦታ «ማክጃንግ» ይባላል። ቃሉ በኋላ ሌላ ትርጉም አገኘ፤ ሰው መሄጃ ሲያጣ የሚደርስበት የመጨረሻ ጥግ ማለት ሆነ። ዋሻው ይደረመሳል፣ ጋዝ ይፈነዳል። ከዚህ የተረፈውም ሰው የከሰል ብናኝ ሳንባውን ሞልቶት በስተርጅና በሳል ይማቅቃል። የማዕድን ከተማ ልጆች ሥዕል ሲስሉ ወንዙን ጥቁር ይቀቡት እንደ ነበር በሰፊው ይነገራል። እኛ እጩ መምህራን ይህን ስንሰማ ብዙ አሰብን። መጽሐፉ ወንዝ ሰማያዊ ነው ይላል፤ ልጁ ያየው ወንዝ ግን ጥቁር ነው። የቱን «ትክክል» ብለን እናርመው ነበር?

ሚያዝያ ወር 1980 ላይ የሳቡክ ቆፋሪዎች በደመወዛቸው ማነስና የማኅበራቸው መሪ ከእነርሱ ይልቅ ለአሠሪው አድሯል በማለት ተነሡ። ሚስቶቻቸውም አብረው ወጡ። ከፖሊስ ጋር የተፋጠጡት በከተማው መግቢያ፣ በባቡሩ ድልድይ ሥር ነበር፤ ከአራት ቀን ትርምስ በኋላ በስምምነት ቆመ። በግርግሩ የአንድ ፖሊስ ሕይወት ጠፋ። ከስምምነቱ በኋላም በወታደራዊው አገዛዝ ብዙዎች ተይዘው ተሠቃይተዋል። ከሰሉ በሚያልፍበት ድልድይ ሥር ይህ መሆኑ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለንም። ወደዚያ ጠባብ ሸለቆ የሚያስገባው መንገድ ያው አንድ ነበርና።

ረ. ከሰሉ «አለቀ»?

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ ደረስን። እውነቱን ለመናገር ጥያቄዋ አንድ መታረም ያለበት ነገር ነበረው፤ እኛም አላረምንላትም። የጆንግሶን ከሰል አላለቀም። ዛሬም ተራራው ውስጥ አለ። ያለቀው ፈላጊው ነው።

በ1988 ደቡብ ኮሪያ ከ340 በላይ ማውጫዎች ነበሯት፤ በዚያው ዓመት 24 ሚሊዮን ቶን ገደማ ከሰል አወጣች። ያ ከሁሉ የበለጠው ዓመት ነበር። ዳሩ ግን የሕዝቡ ገቢ ሲያድግ ቤተሰቡ ሁሉ ከዮንታን ወደ ነዳጅ ዘይትና ወደ ጋዝ ዞረ። ማን በሌሊት እየተነሣ ከሰል ሲቀይር ያድራል? ጉድጓዶቹም እየጠለቁ ሲሄዱ ወጪው ጨመረ። ስለሆነም መንግሥት በ1989 ትርፍ የሌላቸውን ማውጫዎች የመዝጋት መመሪያ አወጣ። በጆንግሶን የሃምቤክ ማውጫ በ1993፣ የጎሃኑ ትልቅ ማውጫ በ2001፣ የሳቡኩም በ2004 ተዘጋ። በጎረቤት አውራጃዎች የነበሩት የመጨረሻዎቹ የመንግሥት ማውጫዎችም የጃንግሶንጉ በ2024፣ የዶግዬው በ2025 ተዘግተዋል።

ሰዎቹስ? አብዛኞቹ ሄዱ። እንደ መጡት በባቡሩ ተሳፍረው፣ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ወረዱ። ዛሬ በአውራጃው የሚኖረው ሕዝብ በደጉ ዘመን ከነበረው ሩቡ ገደማ ነው። ልጅ ከሌለ ትምህርት ቤት የለም፤ ትምህርት ቤት ከሌለ መምህር የለም። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

የቀሩት ግን ዝም አላሉም። በ1995 መጀመሪያ የጎሃንና የሳቡክ ሰዎች «ከሰላችንን ስትፈልጉ መጣችሁ፤ አሁን ጥላችሁን አትሂዱ» በሚል መንፈስ አደባባይ ወጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማውጫ የተዘጋባቸውን አካባቢዎች የሚደግፍ ልዩ ሕግ ወጣ። በዚሁ ሕግ መሠረት በ2000 የቁማር ቤት ተከፈተ፤ በመላው ደቡብ ኮሪያ የአገሪቱ ዜጎች መግባት የሚፈቀድላቸው የቁማር ቤት ይህ ብቻ ነው። ሥራ አመጣ፣ ግብር አመጣ፣ በኋላም የበረዶ መንሸራተቻ ተጨመረለት። ጣጣም አመጣ። በሳቡክ መንገድ ዳር የመያዣ ብድር የሚሰጡ ሱቆች በዙ። በመኪናው የመጣ ሰው መኪናውን አስይዞ በእግሩ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ጥሩ መንገድ የሚያመጣው ሁሉ ጥሩ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ሰ. ባቡሩስ?

ባቡሩ «ሌላ ቦታ» አልሄደም። ሦስት የተለያየ ዕጣ ነው የደረሰው።

አንደኛ፣ ከአውራጂ እስከ ጉጆልሪ ያለው ጫፍ። ከሰሉ ሲቀር የሚጫን ጠፋ፤ በ2004 ባቡሩ ቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ግን በዚያው ሐዲድ ላይ በእግር የሚገፉ ባለ ፔዳል ጋሪዎች ተደረጉ። እንግዳ እየከፈለ በሸለቆው 7.2 ኪሎ ሜትር እየተዝናና ይወርዳል። ከሰል የተጓዘበት ሐዲድ የሽርሽር ሐዲድ ሆነ።

ሁለተኛ፣ ሃምቤክ። ከሁሉ ቀድሞ ባቡር ያገኘው መንደር መንገደኛ አጣ። አሮጌው የጣቢያ ሕንፃ በ2006 ፈረሰ። የመንደሩ ሰዎች በዚህ አዝነው ገንዘብ አዋጥተው፣ ያንኑ የሚመስል ጣቢያ በ2008 መልሰው ሠሩት። መንገደኛ ባቡር እንደማይቆምበት እያወቁ ነው የሠሩት። ይህን ስናነብ መጀመሪያ «ምን ያደርግላቸዋል?» አልን። ቆይተን ስናስበው ገባን። የመጡበትን በር ነው የሠሩት።

ሦስተኛ፣ የጆንግሶን ቅርንጫፍ። ይኸኛው አንድ ወይም ሁለት ፉርጎ ብቻ የሚጐትት ትንሽ ባቡር ሆኖ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ያዳነው ገበያው ነው። በጆንግሶን ከተማ ቀኑ በ2 እና በ7 በሚያልቅበት ዕለት ሁሉ፣ ማለትም በየአምስት ቀኑ፣ ገበያ ይቆማል። ገበሬው የተራራ ቅጠላ ቅጠሉን፣ ድንቹን፣ በቆሎውን ይዞ ይወርዳል። በ1999 ከሴኡል ወደዚህ ገበያ የሚመጣ ልዩ ባቡር ተጀመረ፤ በ2015ም በአሪራንግ ዘፈን ስም የተሰየመ የመንገደኛ ባቡር ሥራ ጀመረ። ያ ድሀ የተባለው ተዳፋት ያበቀለው እህልና ቅጠል፣ ከሰሉ የተወውን ሐዲድ ጠበቀው።

በ2017 መጨረሻ ለክረምቱ ኦሊምፒክ ተብሎ ከሴኡል ወደ ምሥራቁ ጠረፍ የተዘረጋው ፈጣን ባቡር ግን ጆንግሶንን አልነካውም፤ በሰሜን በኩል አልፎ ሄደ። በ2018 የተራራ ቁልቁለት የበረዶ ውድድሮች የተካሄዱት በዚሁ አውራጃ በጋሪዋንግሳን ላይ ቢሆንም ማለት ነው። እንዲህ ነው ነገሩ፤ ሐዲድ ዛሬም የሚሄደው ብዙ ጭነት ወዳለበት ነው።

ሸ. ለልጅቱ የሚሰጠው መልስ

ከዚህ ሁሉ ያገኘነው መልስ በአጭሩ ይህ ነው። መንገድ ለአንድ ጭነት ብቻ ከተሠራ ዕድሜው የዚያ ጭነት ዕድሜ ነው። ጭነቱ የሚቀረውም ከመሬቱ ስላለቀ ብቻ አይደለም፤ ሩቅ ያለ ሰው ምድጃውን በመቀየሩም ሊቀር ይችላል። ከዚያ በኋላ መንገዱ የሚተርፈው በሥፍራው ያሉ ሰዎች ሌላ የሚመላለስበት ምክንያት ሲያገኙለት ነው።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ ካርታ ሰቅለን ስናስተምር የመንገዱን ስምና ርዝመት ብቻ አናስጠናም። በዚህ መንገድ ምን ይሄዳል? ምን ይመጣል? የሚሄደው ቢቀር ማን ይቀራል? ብለን እንጠይቃለን። ተማሪው ይህን ካወቀ የኮሪያን ቀርቶ የራሱን ቀበሌ መንገድ በአዲስ ዓይን ያየዋል።

ያቺን ልጅ ዳግም የማግኘት ዕድል ይኑረን አይኑረን አናውቅም። የልምምዱ ጊዜ አልቋል፤ ሌላ ቡድን ወደዚያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የሚሄዱት ጓደኞቻችን ስድስተኛ ክፍል ሲገቡ ከኋላ ወንበር እጇን የምታወጣ ልጅ ካዩ፣ «ባቡሩ ሌላ ቦታ አልሄደም፤ ተሳስተን ነበር» ብለው እንዲነግሩልን አደራ እንላለን።